የመቀነስ ምልክት

ዓርብ ቀን፣ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ተኳሹ የማያውቀውን ሰው ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር። መጀመሪያ ኮሌታው፣ ከዚያ ትከሻው፣ ከዚያ እጅጌው፣ በመጨረሻ ጀርባው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ቅደም ተከተል አዛንፎ አያውቅም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ኑሮውንም እንዲሁ ነበር የሚኖረው። ይነሣል፣ ይጸልያል፣ ይሠራል፣ ይበላል፣ ይተኛል። አይከፋውም፤ ደስም አይለው። ጸሎቱ ላይ ለራሱ የሚለምነው ነገር ስላጣ፣ የጎረቤቶቹን ስም ጠርቶ ዝም ማለት ከጀመረ ሰንብቷል።

ቅጽል ስሙን ያወጡለት የላውንደሪው ባለቤት እትዬ ናቸው። አንድ ጊዜ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ ሥራውን ቢጠይቀው፣ «ተኳሽ ነኝ» ብሎ በቅንነት መለሰ። ፖሊሱ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እትዬ ጣቢያ ድረስ ሄደው፣ «ኧረ ጌታዬ፣ ይሄ ሰው ከሱሪ በቀር የተኮሰው ነገር የለም!» ብለው ነው ያስለቀቁት። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ተኳሹ ይለዋል።

የመስታወቱ በር ተከፈተና አንዲት ሴት ገባች። በአንድ እጇ ወረቀት የታጨቀበት ፌስታል አንጠልጥላለች። በሌላው እጇ የባንኮኒውን ጠርዝ ዳበሰች።

መምህርቷ ነበረች።

ተኳሹ ካውያውን አቁሞ ቀና አለ። ዓይኖቿ ከወትሮው ይልቅ የጠቆሩ፣ የሰፉ ነበሩ። ፊት ለፊት፣ ሦስት እርምጃ እንኳ በማይሞላ ርቀት አየችው። ፊቷ ላይ ምንም ነገር አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ወደ እትዬ ድምፅ ዞረች።

«እንዲህም ተደርጎ ይታለፋል ለካ» ብሎ አሰበ። አሁን መከፋት እንዳለበት ያውቃል። ጥቂት ጠበቀው፤ አልመጣለትም። ሸሚዙን ገልብጦ ጀርባውን መተኮስ ጀመረ።

*

የተዋወቁት በቅባት ምክንያት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ አባቷ ክራባታቸው ላይ ዘይት አፍስሰው ኖሮ እሷ ይዛ መጣች። እሱም እድፉን በጣቱ ዳሰሰና፣ ለማንም ጠይቆት የማያውቀውን ጥያቄ እንዲሁ አፉ ላይ እንደመጣለት ጠየቃት።

«አስተማሪ ነዎት አሉ። ስኳርና ላብ በውሃ ይለቃሉ። ዘይት ግን በእኛ በደረቅ እጥበት ካልሆነ ንቅንቅ አይልም። ሃያ ዓመት ሙሉ አጥቤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም።»

እሷ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበረች። ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ነገረችው። አቶሞች የሚተሳሰሩት ኤሌክትሮን ተጋርተው ነው። ሁለቱ እኩል ከሳቡ እኩል ይጋራሉ፤ ትስስሩ ኖንፖላር ይባላል። አንደኛው አብልጦ ከሳበ ግን ኤሌክትሮኑ ወደ እሱ ያደላል፤ ያ ፖላር ነው። ዘይት በአብዛኛው ከማያደላው ወገን ነው፤ ውሃ ከሚያደላው። የሚግባቡትም ከየቢጤያቸው ጋር ነው።

«ታዲያ ውሃ አድሏዊ ነው ይበሉኛ!» አላት።

ከት ብላ ሳቀች። «ቅዳሜ ቅዳሜ የጎልማሶች ክፍል አስተምራለሁ። ይምጡ፤ የሚቀልድ ተማሪ የለኝም።»

ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ የአርባ አንድ ዓመት ሰው ነበር። ሄደ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። በሁለት ወር ውስጥ «እርስዎ» የተባለው ነገር ከመካከላቸው ሳይነጋገሩበት ወጣ። ከትምህርት በኋላ ደብተሮቿን ተሸክሞ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ይሸኛታል። እሷ ታወራለች፤ እሱ ይሰማል። ስለ እናቷ ሞት፣ ስለ ርዕሰ መምህሩ ኩርፊያ፣ በአርባ ዓመቷ አባቷን ስለ መፍራቷ። አውቶቡሱ ሲመጣ ትወጣለች፤ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ታየዋለች። ኩርባው ላይ እስክትጠፋ ቆሞ ይቀራል። ስለ ፍቅር አንድ ቃል አልተነጋገሩም። የሚጣደፉበት ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን የዳኛውን ልብስ ቤታቸው ሊያደርስ ሲሄድ አባቷ ራሳቸው በሩን ከፈቱ። ልብሱን ተቀበሉ፤ ክሩን፣ ቁልፉን አዩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ጥሩ ሠራተኛ ነህ» አሉት። «ጥሩ ሠራተኛ ደግሞ ሰው ላይ ሸክም መሆን አይፈልግም። ልጄ ከአንተ ጋር የምታሳልፈው ሰዓት ከእሷ ላይ የሚቀነስ ነው። ይገባሃል አይደል?»

«አዎ፣ ጌታዬ» አለ።

በዚያው ሳምንት የላውንደሪው ቦይለር ተበላሸ። ሁሉንም በእጅ ስላጠቡ ቅዳሜ ከክፍል ቀረ። ሰኞ ዕለት አንድ ተማሪ የእሷን ደብዳቤ አመጣለት። ከደብተር መሐል የተገነጠለች አንዲት ገጽ ናት። ሁለት ክብ ሥላለች፤ መሐላቸው ሁለት ነጥብ። አንደኛው ክብ ውስጥ «አንተ» ይላል፤ አጠገቡ የመደመር ምልክት አለ። ሌላኛው ውስጥ «እኔ» ይላል፤ አጠገቡ የመቀነስ ምልክት። ከሥሩ፦ «እኛ እንዲህ ነን። አንተ አይተኸው ይሆን? እኔ ካየሁት ቆየሁ፤ መናገር ግን አፈርኩ። እስቲ አስብበትና ንገረኝ።»

ሦስት ጊዜ አነበበው። እሱ መደመር፤ እሷ መቀነስ። ዳኛው ያሉትን ልጃቸው ሥላ ላከችለት ማለት ነው።

የዚያኑ ዕለት መለሰላት። «አየሁት። ልክ ነሽ። ከእንግዲህ አላስቸግርሽም።» አጥፎ አሸገው። ፖስታውን ሲልስ ሙጫው ጣፋጭ ነበር። ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው ስሜት እሱን ብቻ ነው።

*

«ኧረ መምህርት! ዓይንሽ ምን ሆነ?» አሉ እትዬ ወንበር እየሳቡላት።

«ከላይ ካለው ክሊኒክ ነው የምመጣው። ጠብታ ጨምረውብኝ ነው፣ እትዬ። መጀመሪያ የሚያደነዝዝ፣ ከዚያ የሚያሰፋ። እስከ ማታ ሁሉ ነገር ጉም ነው የሚሆንብሽ አሉኝ። አሁን እርስዎንም ያየሁት በድምፅዎ ነው።»

ተኳሹ ካውያው እጁ ላይ ቀረ። ለካ አላየችውም።

«የአባባን ካፖርት ልወስድ ነበር» አለች መምህርቷ። «ሰኞ እሄዳለሁ። ተዛውሬያለሁ፤ ሩቅ ነው፣ የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ። ይሄ ፈተና ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታርሞ ቢሮ ካልገባ የቅዳሜ ልጆቼ ውጤት ሳይመዘገብ ይቀራል። አንድ ሰው እንኳ ቢያነብልኝ…»

እትዬ ባንኮኒው ላይ ያለውን መነጽራቸውን አንሥተው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«እኔ መነጽሬን ቤት ረስቼ መጥቻለሁ፣ የኔ ልጅ። ተኳሹ ያንብብልሽ።»

የመምህርቷ ትከሻ በአንድ ጊዜ ደረቅ አለ። «ዓርብ ዓርብ ልብስ ለማድረስ ይወጣ ነበር…»

«ዛሬ አልወጣሁም» አለ ተኳሹ። «እንደምን ዋሉ፣ መምህርት።»

እንደ ድሮው «ዋልሽ» ሳይሆን «ዋሉ» አላት። ሁለቱም ሰሙት።

«ደህና» አለች። «ካላስቸገርኩህ።»

የልብስ መቀበያውን ጠረጴዛ ጠርጎ ተቀመጠ። ሃያ ስድስት ወረቀት ነው። እሱ ያነባል፤ እሷ ልክ ነው ወይም ስህተት ነው ትላለች፤ በቀይ እስክሪብቶ ራይት ወይም ኤክስ ያደርጋል። ሁለት ሰዎች የሦስተኛ ሰው ዕቃ እንደሚቆጥሩ ሁሉ ሥራው በሰላም ሄደ። እትዬ ከኋላ ልብስ በመስቀያ እየሰቀሉ ያንጎራጉራሉ።

«ጥያቄ አምስት። ውሃ ፖላር የተባለው ለምንድን ነው? መልስ፦ በሰሜን ዋልታ በረዶ ሆኖ ስለሚገኝ።»

እትዬ ከኋላ፣ «ምን አጠፋ ታዲያ?» አሉ።

መምህርቷ ፈገግ አለች። ፈገግታው ቶሎ ወደቀ። «ስህተት። አስተያየት ጻፍልኝ፦ ጥሩ ሙከራ ነው፣ ግን ልብስ ደርብ።»

ጻፈ። እንደ ድሮው መሳቅ ነበረበት። ሳቅ የሚባል ነገር ግን የት እንደሚጀምር ረስቶት ነበር።

አሥራ አምስተኛው ወረቀት ላይ ደረሱ። የአንድ ሾፌር ጽሕፈት ነው፤ ፊደሎቹ የሚሮጡ ይመስላሉ።

«ጥያቄ ሰባት» ብሎ አነበበ። «በውሃ ውስጥ ከፊል ኔጌቲቭ የሚሆነው የትኛው አቶም ነው? ለምን? መልስ፦ ሃይድሮጅን። ምክንያቱም ኦክስጅን ኤሌክትሮኑን አብልጦ ስለሚስብ ሃይድሮጅን ይጎድልበታል። የጎደለበት ደግሞ መቀነስ ነው።»

ራይት አደረገና ወደ ጥያቄ ስምንት አለፈ።

«ቆይ» አለች። «ሰባት ስህተት ነው።»

«እንዴት?»

«ስህተት ነው። ኤክስ አድርግ።»

«ጎደለበት እኮ፣ መምህርት። ከጎደለበት መቀነስ ነው። ሰውየው ልክ ነው።»

አላወቀውም እንጂ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። እትዬ ማንጎራጎራቸውን ተዉ።

«ሁሉም እዚህ ጋ ይስታሉ» አለች፣ አስተማሪ ሁሌ በሚደጋግመው ቃል፣ በተሰላቸ ድምፅ። «ምልክቱ የትርፍና የኪሳራ አይደለም። ኤሌክትሮን ራሱ ነው ኔጌቲቭ፣ መቀነስ። ስለዚህ አብልጦ የወሰደው፣ ወደ እሱ ያደላለት፣ መቀነስ ይሆናል። የሰጠው ነው መደመር የሚሆነው። መቀነስ ማለት የተጫነው፣ የበዛለት ማለት ነው። ክፍል ውስጥ አሥር ጊዜ ነው የምለው…»

ተኳሹ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

የእስክሪብቶው ቀይ አውራ ጣቱ ላይ ነክቶት ነበር። ያንን አየ። ወረቀቱን አየ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲቆጥር ሰማ። ምንም አልተሰማውም፤ ግን የማይሰማው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ክብደት አወጣ፤ እርጥብ ካፖርት ትከሻው ላይ የጣሉበት ያህል።

«ይሄን… መቼ ነው ያስተማርሽው?» አለ።

«አስተማርሽው» አለ። ዓመት ሙሉ ያልተባለ «አንቺ»። እሷም ወደ ድምፁ ቀና አለች።

«የቱን?»

«ይሄን። የመቀነሱን ነገር። ለእኛ ክፍል፤ መቼ?»

«አምና። የ…» ቆመች። ጣቶቿ ፌስታሉን ይዘው ቀሩ። «ያን የደብዳቤውን ሳምንት አራት ክፍል አስተምሬዋለሁ። ቅዳሜም ለእናንተ…» ከንፈሯ ተከፍቶ ቆየ። «ቦይለሩ።»

«አልነበርኩም።»

«አልነበርክም» አለች። ጥያቄም መልስም አልነበረም።

ከውጭ መኪና አለፈ። መስታወቱ በትንሹ ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ።

«መቀነሱን ያደረግሽው ራስሽ ላይ ነበር» አለ ቀስ ብሎ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እንደሚያሰጣ ሰው።

«እኔ ነኛ የምወስደው! ደብተሮቼን የምትሸከመው አንተ። የምትሰማው አንተ። ቆመህ የምትቀረው አንተ። አንድ ቀን አውቶቡሱ ውስጥ ሆኜ ሳስበው፣ ስለ አንተ እናት እንኳ ጠይቄህ አላውቅም። አፈርኩ። አፍሬ ነው የጻፍኩት። በቃል መናገር ቢያቅተኝ በምችለው ነገር ሣልኩት።»

«እኔ በእኔ ምክንያት የምትጎድዪ መሰለኝ።»

«አንተ ደግሞ ‹ልክ ነሽ› አልከኝ! ‹አላስቸግርሽም› አልከኝ!» ድምፏ ተሰበረ፤ ወዲያው አቀናችው። «የደከመህ መሰለኝ። አብዝተሽ ትወስጂብኛለሽ ያልከኝ መሰለኝ። እውነቱን ተናገረ፣ ምን ያድርግ ብዬ ተቀመጥኩ።»

«አባትሽ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

«አባቴ ምን?»

«ምንም።»

«አባቴ ምን አለህ?»

መዋሸት አይችልበትም። «‹ልጄ ከአንተ ጋር የምታሳልፈው ሰዓት ከእሷ ላይ የሚቀነስ ነው› አሉኝ። በዚያው ሳምንት ነው። ከዚያ ያንቺ ደብዳቤ መጣ።»

መምህርቷ ወደ ድምፁ ዞረች። ሰፊ ዓይኖቿ ወደ እሱ ናቸው፤ የሚያዩት ግን ጉም እንደሆነ ያውቃል። ከዓይኗ አንድ ነገር ወረደ። ጠብታው ይሁን እንባ አላወቀም። እሷም ያወቀች አልመሰለችም፤ አልጠረገችውም።

«አታሰማኝ!» አሉ እትዬ ከልብሶቹ መሐል ብቅ ብለው፣ የሰው ኮት እንደታቀፉ። «የደም፣ የቀለም፣ የዝገት እድፍ አስለቅቄያለሁ። ዓመት ሙሉ የፈዘዛችሁት በአንዲት ጭረት ነው? እንዲህ ናት እኮ!» በጣታቸው አየሩ ላይ አጭር መስመር አሠመሩ። ከዚያ የሁለቱን ፊት አዩና፣ ኮቱን ይዘው ምንም ሳይሉ ወደ ጓዳ ገቡ። በሩንም ዘጉት፤ ያ በር ተዘግቶ አያውቅም።

«ዝውውሩን የጠየቅኩት እኔ ነኝ» አለች መምህርቷ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ። «አልመደቡኝም። ራሴ ነኝ የጠየቅኩት። በእናንተ ደጅ ማለፍ ደከመኝ። አሁን መመለስ አልችልም፤ ቢያንስ አንድ ዓመት መቆየት አለብኝ።»

አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ እንደማታየው ትዝ አለውና፣ «እሺ» አለ።

«እሺ ብቻ?»

ምን ማለት እንዳለበት ፈለገ። ውስጡ ገብቶ ፈለገ፤ ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ ክፍል እንደመግባት ነበር። የእሷ ጥያቄ እዚያው፣ እንዳስቀመጠው አገኘው።

«አስብበትና ንገረኝ ብለሽኝ ነበር» አላት።

«ብዬህ ነበር።»

«ሳላስብ ነው የመለስኩት። አሁን ልንገርሽ?»

እጇን ከፌስታሉ ላይ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ባዶ አድርጋ አኖረችው።

«እኩል እንዲሆን አልፈልግም» አለ ተኳሹ። «ያንን ፈርተሽ ከሆነ አትፍሪው። ማን አብልጦ ሳበ ብዬ ቆጥሬ አላውቅም። ያን ደብተር ተሸክሜ ስሄድ የምሸከመው አይመስለኝም ነበር፤ የያዝኩት ነበር የሚመስለኝ። ስትወስጂ ጎድሎብኝ አያውቅም። የጎደለብኝ መውሰድ የተውሽ ዕለት ነው።» ትንፋሹን ሰበሰበ። በሕይወቱ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። «ውሰጂ። የእኔ መልስ ይሄ ነው። ስለ እናቴ ግን ብትጠይቂኝ ደስ ይለኛል።»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ብቻ ነበር የሚታየው፤ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀጠቀጠ። ወደ እሷ እጁን መዘርጋት ፈለገ። ፍላጎቱ እጁ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ፤ ረጅም መንገድ እንደመጣ እንግዳ በዝግታ ደረሰ። ሲደርስ ክንዷን ያዘ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሙቀቷ አሳመመው፤ ውርጭ የመታው እጅ ሙቅ ውሃ ሲነካ እንደሚያም ሁሉ አመመው።

«ይህን ሁሉ ጊዜ» አለች ከእጆቿ ሥር። «ስንት ቅዳሜ።»

«ሃምሳ ያህል» አለ። ቆጥሮ እንደነበር ራሱም አሁን ነው ያወቀው።

*

የግድግዳው ሰዓት ስምንት ተኩል ሆነ። መምህርቷ ፊቷን ጠረገች፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«አሥራ አንድ ወረቀት ቀርቷል» አለች። «እነሱ ደግሞ ምን አደረጉን? የሾፌሩን ሰባተኛ ኤክስ አድርገኸዋል?»

«ማድረግ አለብኝ?»

«አለብህ» አለች፤ በድምፏ ውስጥ ግን የድሮዋ ሳቅ ጫፍ ነበረች። «ግማሽ ነጥብ ስጠው። ምክንያቱ ግማሹ ልክ ነው።»

ግማሽ ነጥብ ሰጠው። የቀሩትን ጥያቄዎች ጨርሰው ቀጣዩን ወረቀት አነሣ። ሊያነብ አፉን ከፍቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ሰኞ ስንት ሰዓት ነው?»

«ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት። ትሸኘኛለህ?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። መሸኘት ይችልበታል፤ ዕድሜውን ሁሉ ሲሸኝ ነው የኖረው። ቆሞ መቅረትን እጁን እንደሚያውቀው ያውቀዋል።

«አልሸኝሽም» አለ። «አብሬሽ እሄዳለሁ። የምትኖሪበትን ቤት አያለሁ፣ በማግሥቱ እመለሳለሁ። ከዚያ ወር በወር እመጣለሁ። ካፖርቱን ግን አንቺ አትወስጂውም። ዛሬ ሥራ ስወጣ እኔ አደርስላቸዋለሁ። ‹ጌታዬ፣ ያን ጊዜ ገባኝ ያልኩት አልገባኝም ነበር› እላቸዋለሁ። ከዚያ ስለ አንቺ መምጣቴን እነግራቸዋለሁ።»

«ያስወጡሃል።»

«ምናልባት።»

«አባቴን አታውቀውም። እኔ በአርባ ሁለት ዓመቴ እፈራዋለሁ።»

«እኔም እፈራቸዋለሁ» አለ።

ካለ በኋላ ነው እውነት መሆኑን ያስተዋለው። ልቡ ደረቱን ሲመታ ይሰማዋል። ዳኛው በሩን ሲዘጉበት ታየው፤ እሷ የምትሄድበት አገር ርቀት ታየው፤ መንገዱ፣ ዓመቱ፣ ልትለወጥ እንደምትችል፣ ልትታመም እንደምትችል፣ ሊያጣት እንደሚችል። ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣበት። ከአንድ ሰዓት በፊት ምንም የሚያጣው ያልነበረው ሰው፣ አሁን ሙሉ ሰውነቱ ይፈራ ነበር።

እጁ ተመልሶ ክንዷን አጥብቆ ያዘ። ምን ሆንክ አላለችውም። በሌላ እጇ ዳብሳ አገኘችውና ሸፈነችው።

«አንብብ» አለችው በቀስታ። «ጥያቄ አንድ።»

ድምፁ እየተሰበረ አነበበ። ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ እሱም እንዲለቀው አልፈለገም።